ዲስትሮየሯ ኮል፦ ታሪኳ፣ ትጥቋና የሞዴሏ አሠራር (ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች)

ቱሉ ዲምቱ፣ ከፍጥነት መንገዱ መግቢያ ብዙም ሳይርቅ፣ አንድ የእንጨት ሥራ ቤት ውስጥ አንድ ሜትር ተኩል የምትሆን የጦር መርከብ ሞዴል ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣለች። የሠፈር ተማሪዎች፣ የጅቡቲ መስመር ሾፌሮች፣ በየግንባታው የሚውሉ አናጢዎች እየገቡ ያዩዋታል። የሚጠይቁት ነገር ይመሳሰላልና መልሱን እዚህ አሰባስበነዋል። ቀኖቹ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው፤ እ.ኤ.አ. ሲሆን ለይተን ጽፈናል።

ይህች መርከብ ማን ናት?

ዩኤስኤስ ኮል ትባላለች። አፍንጫዋ ላይ የተጻፈው 67 መለያ ቁጥሯ ነው። የአሜሪካ ባሕር ኃይል አርሌይ በርክ ብሎ በሚጠራው የዲስትሮየር ዘር ውስጥ 17ኛዋ ናት፤ የዘሩ በኩር ሰኔ 27 ቀን 1983 ዓ.ም. ሥራ የጀመረችው አርሌይ በርክ ራሷ ናት። ኮል በሚሲሲፒ ግዛት፣ ፓስካጉላ በሚገኘው የኢንጋልስ መርከብ መሥሪያ ተገንብታ የካቲት 3 ቀን 1987 ውኃ ላይ ወረደች፤ ሰኔ 1 ቀን 1988 ባንዲራ ተሰቅሎላት ባሕር ኃይሉን ተቀላቀለች። መደበኛ ወደቧ ቨርጂንያ ውስጥ ያለው ኖርፎክ ነው። ስሟን ያገኘችው በ1945 እ.ኤ.አ. አይዎ ጂማ ደሴት ላይ ከወደቀው የማሪን ሳጅን ዳሬል ኮል ነው።

ርዝመቷ 154 ሜትር፣ ወርዷ 20 ሜትር፣ ሙሉ ጭነት ይዛ ክብደቷ ወደ 8,400 ቶን ነው። ለሾፌሮች በሚገባ ቋንቋ፣ 40 ቶን የጫኑ 210 ተሳቢዎች ጭነት ማለት ነው። የሠራተኞቿ ቁጥር 300 ገደማ ነው።

ዲስትሮየር ማለት ምን ዓይነት መርከብ ነው?

ስሙ ሲወጣ ሙሉው አጠራር «የቶርፔዶ ጀልባ አጥፊ» ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ትንንሽ ፈጣን ጀልባዎች ቶርፔዶ (ውኃ ውስጥ ተጉዞ የሚፈነዳ መሣሪያ) ይዘው ግዙፍ መርከቦችን ማስፈራራት ሲጀምሩ፣ እነሱን አሳድዳ የምትመታ ፈጣን መርከብ ታሰበች። ከጊዜ በኋላ ሥራዋ ሰፋ፤ ዛሬ ዲስትሮየር ማለት አውሮፕላንና ሚሳኤል የምታከሽፍ፣ ሰርጓጅ መርከብ የምታድን፣ የብስን ከሩቅ የምትመታ ባለ ብዙ ሙያ መርከብ ናት። ይሁን እንጂ መነሻዋ ትንሽ ጀልባ መሆኗን ያዙልን፤ ከታች እንመለስበታለን።

ምን ምን ታጥቃለች?

ሞዴሏን ያየ ሰው ሁሉ መጀመሪያ ጣቱን የሚቀስረው ፊት ለፊት ወዳለው መድፍ ነው። እሱ ማርክ 45 ይባላል፤ አፉ 127 ሚሊሜትር፣ የበርሜሉ ርዝመት የአፉን ስፋት 54 እጥፍ ነው፤ ይህም 6.9 ሜትር ገደማ ይመጣል። የአንዱ ጥይት ራስ ብቻ ወደ 32 ኪሎ ይመዝናል። በደቂቃ ከ16 እስከ 20 ጊዜ ይተኩሳል፤ ከሥሩ ያለው ተሽከርካሪ ጎራሽ ግን 20 ጥይት ብቻ ስለሚይዝ ከአንድ ደቂቃ በኋላ ፍጥነቱን የሚወስኑት ከታች ሆነው የሚያቀብሉት ሰዎች ናቸው። እስከ 24 ኪሎ ሜትር ይደርሳል፤ ከመሃል አዲስ አበባ ሰበታ እንደ ማለት ነው።

ዋናው ኃይሏ ግን ከመድፉ ኋላ ወለሉ ላይ ከተደረደሩት አራት ማዕዘን ክዳኖች ሥር ነው። ማርክ 41 የሚባለው ቀጥ ብሎ ወደ ላይ የሚያስወነጭፍ ጉድጓድ ነው። ኮል ከፊት 29፣ ከኋላ 61፣ በድምሩ 90 ጉድጓዶች አሏት። በውስጣቸው እንደ ተልእኮው ሦስት ዓይነት ነገር ይገባል፦ አየር ላይ ያለን ነገር የሚመታው ስታንዳርድ ሚሳኤል፣ የብስ ዒላማ የሚመታው ቶማሃውክ ክሩዝ ሚሳኤል፣ ሰርጓጅ ላይ ቶርፔዶ ወስዶ የሚጥለው አስሮክ። ቶማሃውክ 450 ኪሎ ተፈንጂ ይዞ ወደ 1,600 ኪሎ ሜትር ይጓዛል፤ ፍጥነቱ ግን በሰዓት 880 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከመንገደኛ ጀት አይበልጥም ማለት ነው፤ የሚያድነው ዝቅ ብሎ መብረሩ ነው።

መርከብን በመርከብ ለመምታት 8 ሃርፑን ሚሳኤሎች በቱቦ ተቀምጠዋል። በግራና በቀኝ ሦስት ሦስት አፍ ያላቸው የቶርፔዶ ማስወንጨፊያዎች አሉ፤ ቶርፔዶው 324 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ቀላል ዓይነት ነው፣ ለሰርጓጅ።

የመጨረሻው መከላከያ ነጭ ቆብ የደፋ የሚመስለው ፋላንክስ ነው። ኮል ከፊትና ከኋላ ሁለት አላት። ባለ 20 ሚሊሜትር፣ ስድስት በርሜል፣ በራሱ ራዳር የሚያይና በራሱ የሚተኩስ ነው። በደቂቃ 4,500 ጥይት ይተፋል። መጋዘኑ 1,550 ስለሚይዝ ያለማቋረጥ ቢተኮስ በ20 ሰከንድ ባዶ ይሆናል። ስለዚህ የሚተኩሰው በአጭር በአጭሩ ነው፤ ወደ መርከቧ የሚመጣው ሚሳኤል ርቀትም ከአንድ ኪሎ ሜትር ተኩል በታች ሲሆን ነው ዋጋ የሚኖረው።

ግድግዳው ላይ ያሉት ስምንት ማዕዘን ሰሌዳዎችስ?

ራዳሯ ናቸው። ስፓይ-1ዲ ይባላል። አራት ሰሌዳዎች አራቱን አቅጣጫ ይዘው ፊት ባለው ቤት ላይ ተለጥፈዋል፤ የሚሽከረከር ነገር የለም፣ ጨረሩ የሚዞረው በኤሌክትሮኒክስ ነው። ራዳሩን፣ ኮምፒውተሩንና ሚሳኤሉን የሚያገናኘው ሥርዓት ኤጂስ ይባላል። አንድ የሚዘነጋ ነገር አለ፦ የተለመደው ስታንዳርድ 2 ሚሳኤል በመጨረሻዎቹ ሰከንዶች ዒላማውን የሚያይለት ከመርከቧ የሚበራለት ሌላ የራዳር ጨረር ይፈልጋል። ይህን የሚያበሩት ሰሃኖች ሦስት ብቻ ናቸው። ብዙ ሚሳኤል በአንድ ጊዜ ሲመጣ ኮምፒውተሩ ሰሃኖቹን በሰከንድ እየከፋፈለ ማዳረስ አለበት።

አዳዲሶቹ እህቶቿ 96 ጉድጓድ ሲኖራቸው የእሷ ለምን 90 ሆነ?

ጉድጓዶቹ የሚሠሩት ስምንት ስምንት ሆነው ነው። በቀደሙት መርከቦች ፊትም ኋላም የሦስት ሦስት ጉድጓድ ቦታ ለአንዲት ታጣፊ ክሬን ተለቀቀ፤ በባሕር ላይ ሚሳኤል ለመጫን ታስቦ። 32 ሲቀነስ 3 ሃያ ዘጠኝ፣ 64 ሲቀነስ 3 ስልሳ አንድ። ክሬኗ ግን ለከባዶቹ ሚሳኤሎች አቅም አነሳት፤ መርከብ በማዕበል እየተወዛወዘ ስድስት ሜትር የሚረዝም ነገር 63 ሴንቲሜትር ጉድጓድ ውስጥ ማስገባትም የማይደፈር ሥራ ሆነ። በኋለኞቹ ክሬኑ ቀርቶ ቦታው ለጉድጓድ ተመለሰ። እነዚያ የሄሊኮፕተር ማደሪያ ቤትም አላቸው፤ ኮል ማረፊያ እንጂ ማደሪያ የላትም። ሞዴል የሚሠሩ ሰዎች ፎቶ ሲያመሳስሉ በብዛት የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው።

ሚሳኤሉ ሲያልቅስ?

ክሬን ያለው ወደብ ድረስ ሄዳ መጫን አለባት። የዲስትሮየር ትልቁ ድክመት ይህ ይመስለናል። ነዳጅና ምግብ እየተጓዘች ከሌላ መርከብ ትቀበላለች፤ ሚሳኤልን ግን እንደዚያ መቀበል አልተለመደም።

ይህን ሁሉ ታጥቃ እንዴት በአንዲት ጀልባ ተመታች?

ጥቅምት 2 ቀን 1993 (12/10/2000 እ.ኤ.አ.) ኮል ለነዳጅ ኤደን ወደብ ገባች። የየመን ሰዓት ከእኛ ጋር አንድ ነውና በእኛው እንቁጠር፦ ከጠዋቱ 3 ተኩል ላይ ታስራ ጨረሰች፣ 4 ተኩል ላይ ነዳጅ መቅዳት ጀመረች፣ 5 ሰዓት ከ18 ላይ ሁለት ሰዎች የያዘች ትንሽ ጀልባ ግራ ጎኗን ተጠግታ ፈነዳች። 17 ባሕረኞች ሞቱ፣ ከ30 በላይ ቆሰሉ። ጥቃቱን ያደራጀው አልቃይዳ ነበር።

መሣሪያዋ ያልሠራው ተበላሽቶ አይደለም። ስታንዳርድ ሚሳኤል ለአውሮፕላን ነው። መድፉ ከጎን ተጠግቶ ለቆመ ጀልባ አይሆንም። በወቅቱ የነበራት ፋላንክስ አየር ላይ የሚበር ነገርን ብቻ እንዲለይ የተሠራ ነበር። የቀረው በእጅ የሚያዝ ጠመንጃና መትረየስ ነው፤ ዘቦቹ ደግሞ ካልተተኮሰባቸው እንዳይተኩሱ ታዘዋል። ወደብ ውስጥ ገመድ የሚያስሩ፣ ቆሻሻ የሚወስዱ ጀልባዎች ሲመላለሱ ያረፍዳሉ፤ ይህችም ከእነሱ አንዷ መሰለች። ትንሽ ጀልባን እንድታጠፋ ስም የወጣላት መርከብ ከመቶ ዓመት በኋላ በትንሽ ጀልባ ተመታች።

የሞቱት ሰዎች ቁጥር የበዛው በሰዓቱ ምክንያት ነው። ፍንዳታው የደረሰው ከምግብ አዳራሹ አቅራቢያ ሲሆን፣ ባሕረኞቹ ለምሳ መሰለፍ ጀምረው ነበር።

ጎኗ 12 በ18 ሜትር ተቀድዶ ለምን አልሰመጠችም?

ይህን ጥያቄ ስለምንወደው ሰፋ አድርገን እንመልሳለን። የቀዳዳውን ስፋት ለመረዳት ሞዴላችን ግራ ጎን ላይ የተለጠፈውን ቀይ ወረቀት እዩ፤ 12 በ18 ሴንቲሜትር ነው፣ የጎኗን ከፍታ ሊጨርስ ምንም አልቀረውም።

አንደኛ፣ መርከቧ ከፊት እስከ ኋላ በብረት ግድግዳ ተከፋፍላለች። ፊተኛው የሞተር ክፍል በውኃ ሲሞላ ውኃው ግድግዳው ላይ ቆመ። ሁለት የሞተር ክፍሎች ተራርቀው የተሠሩትም አንዱ ሲሄድ ሌላው እንዲተርፍ ነው። ሁለተኛ፣ የላይኛው ቤቷ ብረት ነው። ኅዳር 12 ቀን 1968 ቤልክናፕ የምትባል የአሜሪካ ክሩዘር ከአውሮፕላን ጫኝዋ ጆን ኤፍ ኬኔዲ ጋር ተጋጭታ እሳት ሲነሣባት የአሉሚኒየም ቤቷ ቀልጦ ወርዶ ነበር፤ የአርሌይ በርክ ነዳፊዎች ወደ ብረት የተመለሱት ይህን አይተው ነው። ሦስተኛ፣ ጠላቂዎች ገብተው ሲያዩ የታችኛው አከርካሪዋ አልተሰበረም።

ግድግዳ ብቻውን ግን አያድንም። በየግድግዳው ቧንቧ፣ ኬብልና የፕሮፔለር ዘንግ ያልፋል፤ ያለፉበት ሁሉ ማሸጊያ አለ፣ ማሸጊያው ከላላ ክፍሉ ተዘጋ ማለት ዋጋ የለውም። ኮል ላይ የሆነውም ይኸው ነው። በመጀመሪያው ቀን ምሽት ውኃውን ተቆጣጥረውት ነበር። በኋላ ሌሊት ዘንጉ የሚያልፍበት ማሸጊያ ለቀቀና ውኃው ወደ ሁለተኛው ሞተር ክፍል ገባ። ጄኔሬተር በጠፋበት ሰዓት ፓምፕም ይቆማል። ባሕረኞቹ ተሰልፈው በባልዲ እየተቀባበሉ ቀዱት። እንቅልፍ ያጡ፣ ጓደኞቻቸውን ያጡ ልጆች ናቸው ይህን ያደረጉት፤ ለኛ ከሚሳኤሉ ሁሉ ይልቅ ሊነገርላቸው የሚገባው ይህ ሥራ ነው።

ግድግዳ ሲያብጥ የሚደገፍበትን ዘዴ የግንባታ ሰው በቀላሉ ይረዳዋል። ሶሌታ ሲሞላ ከሥር አጣና እንደሚቆመው፣ መርከብ ላይም ወፍራም እንጨት ከግድግዳው ወደ ወለል ወይም ወደ ጽኑ ብረት ይደገፋል። ልዩነቱ እንጨቱ ግድግዳውን በነጥብ እንዳይወጋ መጀመሪያ ሰፊ ጣውላ መነጠፉ ነው። ሽብልቆቹ ሁለት ሁለት ሆነው ከተቃራኒ አቅጣጫ እኩል ይመታሉ፤ በአንድ ወገን ብቻ ከመቱት ድጋፉ ይንሸራተታል። ያበጠውንም ወደ ቦታው ልመልስ ብሎ መግፋት ስሕተት ነው፤ ባለበት መያዝ ብቻ ነው የሚገባው፤ ሲገፋ ብየዳው ይከፈታል።

እንዴት አገሯ ገባች? ከዚያስ?

ብሉ ማርሊን የምትባል የኖርዌይ ከባድ ጫኝ መርከብ ተሸክማ ወሰደቻት። ጫኟ በሆዷ ውኃ ሞልታ ጀርባዋን ታሰምጣለች፣ ተጎጂዋ በላዩ ትንሳፈፋለች፣ ከዚያ ውኃው ተመጥጦ ሲወጣ ሁለቱም ቀና ይላሉ። ታኅሣሥ 4 ቀን 1993 ፓስካጉላ፣ እዚያው የተወለደችበት ደረሱ። ጥገናው 550 ቶን ገደማ ብረትና ወደ 250 ሚሊዮን ዶላር ጠይቆ ሚያዝያ 11 ቀን 1994 ወጣች። ከምግብ አዳራሹ አጠገብ ባለው መተላለፊያ ወለል ላይ 17 ኮከቦች ተነጥፈዋል።

በ1996 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት እንደገና ለተልእኮ ተሠማራች። መስከረም 21 ቀን 2017 ኢራን ወደ እስራኤል ሚሳኤል ባስወነጨፈች ጊዜ ኮልና እህቷ ቡልከሊ ደርዘን የሚጠጋ ማክሸፊያ ተኩሰዋል። የዚሁ ዘር የሆነችው ካርኒ ደግሞ ጥቅምት 8 ቀን 2016 በቀይ ባሕር ላይ ከየመን የተተኮሱ ሚሳኤሎችንና ድሮኖችን መትታ ጥላለች።

ወደ ኋላ የምትሄደው እንዴት ነው?

ይህን የሚጠይቁት ሾፌሮች ናቸው፣ ጥያቄውም ልክ ነው። ኤልኤም 2500 የሚባሉ አራት ጋዝ ተርባይኖች አሏት፤ የአውሮፕላን ሞተር ዘር ናቸው፣ በድምሩ 100,000 የፈረስ ጉልበት። ተርባይን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ይዞራል፤ ማርሽ ቀይሮ መመለስ የለም። ስለዚህ የሚዞረው የፕሮፔለሩ ምላስ ነው፦ ሁለቱ ባለ አምስት ምላስ ፕሮፔለሮች መሽከርከራቸውን ሳያቆሙ ምላሳቸውን ገልብጠው ውኃውን ወደ ፊት ይገፋሉ። ፍጥነቷ ከ30 ኖት በላይ፣ በሰዓት 55 ኪሎ ሜትር ነው። በ20 ኖት ከሄደች በአንድ ሙሊት ወደ 8,100 ኪሎ ሜትር ትጓዛለች። ያው ተርባይን ቱሉ ዲምቱ ላይ ቢነሣ አየሩ ስስ ስለሆነ ባሕር ወለል ላይ የሚሰጠውን ጉልበት አይሰጥም።

ኢትዮጵያ ዲስትሮየር ነበራት?

አልነበራትም። የባሕር ኃይላችን ትልቋ መርከብ «ኢትዮጵያ» ነበረች። አስቀድማ ኦርካ የምትባል የአሜሪካ የባሕር አውሮፕላን ደጋፊ መርከብ ነበረች፤ በ1962 እ.ኤ.አ. ወደ እኛ መጣች። ርዝመቷ 95 ሜትር ገደማ፣ መድፏ እንደ ኮል 127 ሚሊሜትር ነበር፤ በርሜሉ ግን ያጥራል፣ 38 እጥፍ። በ1983 ዓ.ም. (1991 እ.ኤ.አ.) ወደ የመን ሄደች፤ በ1993 እ.ኤ.አ. ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች።

ሞዴሏን እቤታችን መሥራት እንችላለን?

ትችላላችሁ። በ1 ለ100 ሥሩ፤ ሒሳቡ ይቀላል፣ እያንዳንዱ ሜትር አንድ ሴንቲሜትር ነው። ርዝመት 154፣ የላይኛው ወርድ 20፣ ውኃው መስመር ላይ ያለው ወርድ 18 ሴንቲሜትር። ጎኗ ወደ ላይ እየሰፋ ይሄዳል፤ እንደ ሣጥን ቀጥ አድርጋችሁ ከሠራችሁት ኮል አትመስልም። በየጽሑፉ የምታገኙት 9.4 ሜትር ጥልቀት አፍንጫዋ ሥር ያለውን የሶናር (ሰርጓጅን በድምፅ የሚፈልግ መሣሪያ) እብጠት ጨምሮ ነው፤ የሆዷን ጥልቀት ከ6 እስከ 7 ሴንቲሜትር አድርጉት፣ እብጠቱን ለብቻው ቀጥሉ።

ሆዷን ከ12 ሚሊሜትር ኮምፔንሳቶ እየቆረጣችሁ ደርቡ፣ ከታችኛው በቀር መሃሉን አውጡት፣ በኮላ አጣብቃችሁ አንድ ሌሊት ጫና ይደርበት። የላይኛውን ቤት ከወፍራም ካርቶን ሥሩ። የመድፉ በርሜል ከብስክሌት ጎማ ሽቦ 6.9 ሴንቲሜትር ቁረጡ። የሚሳኤል ክዳኖቹ 6 ሚሊሜትር ካሬ ናቸው፤ በወረቀት ሥሏቸውና ለጥፉ፣ 90 ትንንሽ እንጨት መቁረጥ ትዕግሥት ይጨርሳል። ከውስጥም ከውጭም ሁለት ሁለት ጊዜ ዘይት ቀለም ቀቡ፤ የኮምፔንሳቶው ጠርዝ ካልጠጣ ውኃ ገብቶ ይለያየዋል።

እንድትንሳፈፍ ከፈለጋችሁ ክብደቱ ወሳኝ ነው። 8,400 ቶን ለሚሊዮን ሲካፈል 8.4 ኪሎ ነው፤ ይህ ግን በጨው ውኃ ነው። በእኛ ጨው የለሽ ውኃ 8.2 ኪሎ ሲሆን በትክክለኛው መስመሯ ላይ ትቀመጣለች። እንጨቱ ብቻውን ይህን ስለማይሞላ ቀሪው በፌሮ ይሞላል፤ የ12 ቁጥር ፌሮ አንድ ሜትሩ 0.89 ኪሎ ይመዝናል። ሆዷ ውስጥ ታችኛው ወለል ላይ፣ መሃሉን ይዞ ይጋደም። ሞዴል ውኃ ነክቶ ወዲያው የሚገለበጠው ሁልጊዜ በአንድ ምክንያት ነው፦ የላይኛው ቤት በጣውላ ተሠርቶ ከብዷል፣ ፌሮውም ከወለሉ ከፍ ብሎ ተቀምጧል።

ለሙከራ ግማሽ በርሜል አይበቃም፣ ያጥራል። ግንባታ ቦታ ላይ ሸራ ተነጥፎ የሚሞላው የውኃ ጉድጓድ ይሆናል፤ ባለቤቱን አስፈቅዱ፣ ልጆችን ለብቻቸው አትላኩ። አባ ሳሙኤል አትውሰዷት፤ እንቦጩ ይውጣታል፣ ውኃውም ለቆዳ ጥሩ አይደለም። ፌሮውን ሳታጣብቁ መጀመሪያ እንዲሁ አጋድማችሁ አስቀምጡ፣ ወደ ግራ ካዘነበለች አንዱን ዘንግ ግማሽ ሴንቲሜትር ወደ ቀኝ ግፉ፣ አፍንጫዋ ከደፋ ወደ ኋላ ሳቡ። ቀጥ ስትል የፌሮውን ቦታ በእርሳስ አስምሩና አውጥታችሁ አድርቁ፤ ኮላ እርጥብ እንጨት ላይ አይዝም።